ሲሊንደሩ አይተነፍስላቸውም

(ሰኔ 14 ቀን በደሴ ከተማ ለጤና ባለሙያዎችና ለአስታማሚ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታማሚያችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ወዲያም ከወዲህም ለመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ሰኔ 14 ነው፤ በዓለም ዙሪያ የሞተር ኒውሮን ሕመም የሚታሰብበት ቀን። አዘጋጆቹ ስለ ሕመሙ በጠቅላላ እንድናገር ጠይቀውኛል፤ ግዴታዬን እወጣለሁ። ልቤ ያለው ግን አንድ ነገር ላይ ነው። እሱም በየቤታችን ጥግ ቆሞ የምናየው የኦክስጅን ሲሊንደር ነው።

ሕመሙን እዚህ ያለን ሁሉ በየፊናችን አውቀነዋል። ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ ይመነምናል። አንዱን ከእጁ ይጀምረዋል፤ ስኒ ይወድቅበታል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ሌላውን ከእግሩ ይጀምረዋል፤ ደሴ ዳገት ናትና ቶሎ ይታወቅበታል። ሌላውን ከአንደበቱ፤ ምላሱ ይከብዳል፣ ውኃ ትን ይለዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1869 እ.ኤ.አ. ለይቶ ከገለጸው ወዲህ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ፈውስ የለውም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ሪሉዞል ዕድሜ የሚቀጥለው በጥቂት ወራት ነው። አብዛኛው ታማሚ የሚሞተው ግን እጅና እግሩ ስለሰለለ አይደለም። የመተንፈሻ ጡንቻው ስለሚደክም ነው የሚሞተው። ስለዚህ ስለዚህ ሕመም መነጋገር ማለት ስለ ትንፋሽ መነጋገር ማለት ነው።

የቀጥቃጭ ቤት ወናፍ አይታችኋል። እሳቱ የሚነደው እጅ ወናፉን ሲጫነው ነው። በዚህ ሕመም ሳንባው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የዛለው ወናፉን የሚጫነው እጅ ነው። እጁ ለዛለ ሰው የተሻለ ከሰል ብታመጡለት እሳቱ አይነድም። ዋናው እጅ ድያፍራም የምንለው ጡንቻ ነው፤ ከሳንባ ሥር እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ትእዛዙን ከአንገት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የነርቭ ሥር የሚቀበል። ቀን ሲደክም የአንገትና የደረት ጡንቻዎች ያግዙታል። ሌሊት ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ግን እነዚያ ሁሉ ይዝላሉ፤ ድያፍራሙ ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው ችግሩ በሌሊት የሚጀምረው።

አሁን አንድ ቤት ላስታውሳችሁ። ስም አልጠራም፤ ቤቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና። ዳገት ላይ ያለ ቤት ነው። አባወራው 60 ዓመት አልፏቸዋል፤ እጃቸው ከሰለለ ዓመት ሆኖታል። ከአራት ወር ወዲህ ጋደም ማለት አይሆንላቸውም። መጀመሪያ ሦስት ትራስ ደርበው፣ ኋላ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያድሩት። ለሱጁድ ሲያጎነብሱ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። ጠዋት ግንባራቸውን ይዘው ይነሳሉ፤ ራስ ምታቱ ረፋዱ ላይ ይለቃቸዋል። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ እየተጫወቱ ነበር፤ ቶናው ሳይደርስ አንገታቸው ዘንበል ይላል። ቤተሰቡ «ሌሊት ስለማይተኙ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ለምን እንደማይተኙ የጠየቀ ግን የለም። ሌሊት ይቃዣሉ፤ ላብ በላብ ሆነው ይባንናሉ። ሲናገሩ ሦስት ቃል ብለው ያርፋሉ።

አንድ ቀን ከንፈራቸው ጠቆር ሲል ልጆቻቸው ይዘዋቸው ሮጡ። የደም ኦክስጅን መለኪያው ጣታቸው ላይ ሲደረግ 84 በመቶ። ወዲያው ኦክስጅን በማስክ፣ በደቂቃ 5 ሊትር። ቁጥሩ 97 ገባ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እፎይ አለ፤ አልሐምዱሊላህም ተባለ፣ ተመስገንም ተባለ። ሆዳቸውን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም። ቢታይ ኖሮ አየር ሲያስገቡ እንደ ጤነኛ ሰው ከፍ በማለት ፈንታ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ይታይ ነበር፤ ድያፍራሙ መሥራት ማቆሙን የሚናገረው ይኸው ምልክት ነው። «ቤት ኦክስጅን ይኑራቸው» ተብሎ ተሸኙ። ልጆቹ ሲሊንደር ተከራዩ። 40 ሊትር የሚባለው ትልቁ ብረት ከ50 ኪሎ በላይ ነው፤ በአራት ሰው ትከሻ ያን ዳገት ወጣ። በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ከተከፈተ በ20 ሰዓት ያልቃል። ይህን ለልጆቹ ያሰላላቸው ሰው አልነበረም።

በዚያ ሌሊት አባወራው አልቃዡም፣ አልባነኑም። ባለቤታቸው «እንዲህ ተኝተው አያውቁም» ብለው ለጎረቤት በደስታ ተናገሩ። ጠዋት ሲቀሰቅሷቸው አልነቁም። እጃቸው ሞቆ ነበር፤ ፊታቸው ቀላ ብሎ ነበር። ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ 96 ይላል።

96! ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።

ወገኖቼ፤ ትንፋሽ ሁለት ሥራ አለው። ኦክስጅን ያስገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ደግሞ ጠርጎ ያወጣል። የጣት መለኪያው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚያወጣው እጅ ሲዝል የተቃጠለው አየር በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ነው፤ ቀን እንቅልፍ የሚሆነው እሱ ነው፤ ሲብስ መፍዘዝ፣ ከዚያም አለመንቃት። ኦክስጅን ብቻውን ሲሰጥ የጣቱን ቁጥር ያሳምረዋል። ጠርጎ ለማውጣት ግን አንዲት ጠብታ አያግዝም። ይባስ ብሎ ኦክስጅን ማነስ ራሱ «ተንፍስ» እያለ ይቀሰቅሳቸው የነበረውን ደወል ያጠፋዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች የነርቭና የጡንቻ ሕመም ኖሯቸው ድያፍራማቸው የደከመ 8 ሰዎችን መዝግበው አሳተሙ። የተሰጣቸው በደቂቃ ከግማሽ እስከ 2 ሊትር ብቻ ነበር፤ የደማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ በ28 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አሻቀበ። ጤነኛ ሰው ያለው በጠቅላላው 40 ገደማ ነው። እኛ 5 ሊትር ነው የምንከፍተው።

ይህ ነገር በደሴ ላይ የራሱ መልክ አለው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ አሠልጣኞችም ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ትንሽ ሲጨምር የጣቱ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል፤ ባሕር ዳርቻ ቢሆን ግን ገና 90ዎቹ ውስጥ ይቆይ ነበር። ከፍታችን ለዚህ ታማሚ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል ማለት ነው። እኛ ግን ሁለት ጊዜ እናበላሸዋለን። መጀመሪያ 88 ስናይ «የደጋው አየር ነው» ብለን እናልፋለን። ጤነኛውም ሰው እዚህ በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ባለፈው ወር 93 የነበረ ሰው ዛሬ 87 ከሆነ ግን የወረደው እሱ እንጂ ደጋው ወደ ላይ አልወጣም። ቀጥሎ ኦክስጅን ከፍተን መልእክተኛውን አፉን እንዘጋዋለን። ኮምቦልቻ ያላችሁም ልብ በሉ። እናንተ ወደ 1,850 ሜትር ናችሁ፤ አንዱ ታማሚ ሐረጎን ሲወርድ ቁጥሩ ቢሻሻል «ተሻለው» ብላችሁ አትመዝግቡ።

ለምን እዚህ ልማድ ውስጥ እንደገባን አውቃለሁ፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። በኮሮና ዘመን ኦክስጅን ያገኘ ተረፈ፣ ያጣ ሞተ። ያን አይተን ኦክስጅንና ሕይወት አንድ ቃል ሆኑብን። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። በዚህ አካባቢ የሕክምና ዕቃ ሲዘረፍና ሲሰባበር እናንተው ናችሁ በባዶ ክፍል ታማሚ ያከማችሁት። ከዚያ ሁሉ በኋላ አንድ ሲሊንደር ማግኘት ድል ይመስላል። ይገባኛል።

የማይገባኝ ግን ዛሬም፣ ሁሉን እያወቅን፣ ትንፋሹ ስንት እንደሆነ ያልለካነውን ሰው ኦክስጅን ሰጥተን ወደ ቤቱ መሸኘታችን ነው። ይህ ሕክምና አይደለም! ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ከትቶ፣ ዳገት አሸክሞ፣ በጸጥታ የሚገድል ነገር ነው። ወናፉ የቆመ ሰው የሚያስፈልገው ወናፉን የሚጫንለት ነው። ሲሊንደሩ አይተነፍስላቸውም! የሞተር ኒውሮን ታማሚ ሆዱ ሳይታይ፣ ትንፋሹ ሳይለካ፣ ኦክስጅን ብቻውን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ አይታዘዝ!

እንዳልሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። ኦክስጅን ፈጽሞ አይነካ አላልኩም። ታማሚው የሳንባ ምች ይዞት ከሆነ ሳንባውም ታሟልና ያስፈልገዋል፤ ያኔም ከመተንፈሻ ማሽኑ ጋር ተገናኝቶ፣ ቁጥሩን ከ88 እስከ 92 ለማድረስ ብቻ፣ በሚቻለው ትንሹ መጠን። 97 አናሳድድም። ማሽን እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ከኦክስጅኑ ጋር አምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባውን ከረጢት፣ የያዘ እጅ አጠገቡ ይኑር።

«መለኪያ የለንም» የሚል መልስ እሰማለሁ። አለን። ታማሚውን በጀርባው ጋደም አድርጉት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሱልኝ ካለ መልሱ ግማሹ ተገኘ። ሆዱን እዩ፤ አንድ እጃችሁን ደረቱ ላይ፣ ሌላውን እምብርቱ ላይ አድርጉ። እጆቻችሁ አብረው ከፍ ካሉ ደህና ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከሰረገደ ድያፍራሙ ደክሟል። በአፍንጫው ሳብ እንዲያደርግ ጠይቁት፤ ያንገቱ ሥሮች ተገታትረው ድምፁ ካልወጣ ያው ነው። ሙሉ አየር አስገብቶ በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥር አድርጉት፣ በሰከንድ ሁለት ቁጥር። ጤነኛ 40ን ያልፋል፤ ከ20 በታች ከቆመ ቀጠሮ አትስጡት፣ በዚያው ቀን ይታይ። አንደበቱ የተያዘ ከሆነ ግን ይህ ቆጠራ ያሳስታል። ቤተሰቦችም ያለ ምንም መሣሪያ የምታውቁት አለ፤ ለስግደት ወይም ጫማ ለማሰር ሲያጎነብስ ትንፋሹ ካጠረ፣ ገላውን ሲታጠብ ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ከተጨነቀ፣ ጠዋት ራሱን ካመመው፣ አትጠብቁ።

የትንፋሽ መጠን የሚለካው ስፓይሮሜትር ባለበት ቤት ደግሞ ተቀምጦም ተኝቶም ይነፋ። ጋደም ሲል የሚነፋው በሩብ ከቀነሰ የድያፍራም ድካም ነው። ተቀምጦ የሚነፋው ሙሉ ትንፋሽ ለዕድሜውና ለቁመቱ ከሚጠበቀው ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ወይም ከ80 በመቶ በታች ሆኖ ምልክት ካለው፣ የማሽን ጊዜ ደርሷል። በደም ጋዝ ምርመራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ45 ካለፈም እንዲሁ። ለአስም የምንጠቀምባት ርካሿ የፒክ ፍሎው መለኪያም ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ታማሚው ከንፈሩን ገጥሞ በውስጧ ይሳል። በደቂቃ ከ270 ሊትር በታች ከሆነ ጉንፋን ሲይዘው አክታው ያንቀዋል፤ ከ160 በታች ከሆነ ሳሉ አክታ አያወጣም። ያቺ መለኪያ በየጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ አለች።

ማሽኑ ባይፓፕ ይባላል። አየር ሲያስገቡ በከፍተኛ ግፊት ይገፋል፣ ሲያስወጡ በዝቅተኛ ግፊት ይለቅቃል፤ በማስክ ነው፣ ጉሮሮ አይቀደድም። በ2006 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ኒውካስል በታተመ ጥናት 41 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ተከታትለዋል። የአንደበትና የመዋጥ ጡንቻቸው ብዙ ካልተጎዳው መካከል ማሽኑን የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት 205 ቀን ገደማ በላይ ኖረዋል፤ ኑሯቸውም የተሻለ ነበር። ይህ ሪሉዞል ከሚሰጠው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። አንደበታቸው በጣም ለተጎዳው ዕድሜ ባይቀጥልም የእንቅልፍ እረፍት ሰጥቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ያጋጠመውን ልናገር። ልጅ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ደሞዙን አጠራቅሞ ማሽን በሻንጣ ይልካል። ሲከፈት ሲፓፕ ነው። ሣጥኑ አንድ፣ ቱቦው አንድ፣ ማስኩ አንድ፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሲፓፕ በሚያስገቡበትም በሚያስወጡበትም ጊዜ አንድ ዓይነት ግፊት ይሰጣል። በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮው ለሚዘጋ ሰው የተሠራ ነው። የደከመ ጡንቻን አያግዝም፣ እንዲያውም ሲያስወጣ ሸክም ይጨምርበታል። ልጆቻችሁ ከመግዛታቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ሁለት የግፊት ቁጥር አለው ወይ? ታማሚው መሳብ ሲያቅተው በራሱ ጊዜ ትንፋሽ የሚሰጥ፣ ኤስቲ የሚባለው ሥርዓት አለው ወይ? ሁለተኛው ከሌለ ከእንቅልፍ ውስጥ ማሽኑን ለመቀስቀስ አቅም ያጣ ሰው ዝም ብሎ ይተኛል፣ ማሽኑም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የማሽኑን መለያ ቁጥር አጣሩ፤ ፊሊፕስ በ2021 እ.ኤ.አ. የድምፅ መቀነሻ ስፖንጁ እየፈረፈረ አየር መንገዱ ውስጥ ስለሚገባ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን እንዲመለሱ አስጠርቷል። የከፍታውን መጠንም ከመመሪያው ላይ አንብቡ። 2,300 ወይም 2,600 ሜትር ላይ ወሰን የተጻፈባቸው አሉና ለኮምቦልቻ የሚሆን ለደሴ ላይሆን ይችላል።

ሲጀመር የማስገቢያው ግፊት 8 ወይም 10፣ የማስወጫው 4 ሴንቲሜትር ውኃ ላይ ይሁን። ማስወጫውን አታሳድጉት፤ የሚያግዘው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማስገቢያውን በየጊዜው በ2 እየጨመራችሁ ወደ 14፣ ከዚያም ወደ 18 አድርሱት፤ ደረቱ በደንብ ከፍ ሲል እስክታዩ፣ የጠዋቱ ራስ ምታት እስኪጠፋ። መጠባበቂያው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 14፣ የማስገቢያው ጊዜ 1.2 ሰከንድ አካባቢ፣ መቀስቀሻው ደግሞ በጣም ቀላሉ ላይ። የመጀመሪያው ሌሊት አይሁን። ቀን፣ ሰው እያጫወተው፣ 20 ደቂቃ ይጀምር፤ ማስኩን መጀመሪያ በገዛ እጁ፣ እጁ ካልቻለ በሚያምነው ሰው እጅ ፊቱ ላይ ይያዝለት፣ ማሰሪያው ኋላ ይመጣል። በሳምንት ውስጥ ሌሊት 4 ሰዓት ከደረሰ ጥሩ ነው።

ማስኩ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የቤት ባይፓፕ ቱቦው አንድ ነው፤ የተነፈሰው አየር የሚወጣው ማስኩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። መዳፋችሁን ስታስጠጉ አየሩ ፈስ ሲል ይሰማችኋል። «አየር ያባክናል» ብሎ ቀዳዳውን በፕላስተር የሸፈነ አስታማሚ አለ፤ ታማሚው የገዛ የተቃጠለ አየሩን መልሶ ይተነፍሳል። በእርዳታ ከሚመጡት መካከል ደግሞ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ክርኑ ሰማያዊ የሆነ ማስክ ታገኛላችሁ። ሰማያዊ ማለት ቀዳዳ የለውም ማለት ነው፤ የተሠራው ሁለት ቱቦ ላለው የሆስፒታል ቬንቲሌተር ነው። መብራት ሲጠፋ ከክፍሉ አየር የሚያስገባ መከላከያም የለውም። ቤት ውስጥ በዚህ ማስክ ማንንም አታስተኙ። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ፤ የአፍንጫ አጥንት ላይ ቁስል የሚያመጣው ማጥበቅ ነው። ጢም ያላቸው አባቶች ማስኩ ሲያፈስባቸው ጢማችሁን ላጩ አትበሏቸው፤ አፍንጫ ብቻ የሚይዘውን ማስክ ሞክሩ፣ አፋቸው ከተከፈተ አገጭ የሚደግፍ ማሰሪያ ጨምሩ።

ማሽን እስኪመጣስ? አምቡ ባግ አለ። በየድንገተኛ ክፍሉ ተሰቅሏል። ታማሚውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከበላ አንድ ሰዓት ይለፈው። ማስኩን አፍና አፍንጫው ላይ ግጠሙ። ሳብ ሲያደርግ ባጉን ቀስ ብላችሁ ጭመቁ፤ ሳያስወጣ ይያዘው፤ በላዩ ላይ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሳንባው «ሞላ» እስኪል። ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ይዞ ይልቀቀው ወይም ይሳል። ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ደጋግሙት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሲስል ሌላው ሰው ሁለት መዳፉን ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጎ ልክ በሳሉ ቅጽበት ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይግፋለት፤ ያን ጊዜ ለሳምንት ያልወጣ አክታ ሲወጣ ታያላችሁ። ደረቱን ከወጋው፣ ካዞረው አቁሙ። ቀደም ሲል ሳንባው አየር አፍስሶ ለነበረ ወይም ደም ለሚተፋ ሰው አታድርጉት። ጉሮሮው መያዝ ላቃተው ታማሚ ከባጉና ከማስኩ መካከል የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይገባል። ያ ቫልቭ የገባበት ባግ ግን ማስወጣት አይፈቅድም፤ ልቡ ለቆመ ሰው በስህተት ከተያዘ ይገድላል። ስለዚህ ምልክት ይደረግበት፣ ከድንገተኛ ክፍሉም ይውጣ።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ባይፓፕ ያለ ማሞቂያው 40 ዋት ገደማ ይበላል። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ጨምሮ አንድ ሌሊት ያሳድራል። የውኃ ማሞቂያውን ካበራችሁት ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፤ በባትሪ ስትሆኑ አጥፉት። አሲድ የሚሞላ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሁን። ስታቢላይዘርም አትርሱ። አምቡ ባጉ ሁልጊዜ ትራሱ ሥር።

ስለ ቀረው ባጭሩ። ምራቅ የሚበዛበት ሰው ማስክ አይችልም፤ አሚትሪፕቲሊን 10 ሚሊግራም ማታ ወይም የአትሮፒን የዓይን ጠብታ ከምላስ ሥር እንደሚረዳ ሐኪሞቻችሁን ጠይቁ። በሆድ በኩል የሚገባው የመመገቢያ ቱቦ ትንፋሹ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ይሠራለት፣ ከዚያ በኋላ ማስተኛቱ አደገኛ ነው። ጭንቀቱ ለበረታበት ሰው ሐኪም መጥኖ የሚያዘው ትንሽ የሞርፊን ፈሳሽ ትንፋሽ ያቀልላል፤ አትፍሩት። ጉሮሮ ተከፍቶ በማሽን መኖርን ይፈልግ እንደሆነ ደግሞ አንደበቱ ሳይያዝ ራሱን ጠይቁት። መልሱ ጽሑፍ ላይ ይስፈር። የእሱ ነው፤ የወንድሞቹ አይደለም።

የጤና ባለሙያዎች፤ የታማሚ ካርድ ላይ ከነገ ጀምሮ አራት ነገር ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ፤ ጋደም ማለት ይችላል ወይ፣ ሆዱ ይሰረጉዳል ወይ፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት ይቆጥራል፣ የሳሉ ኃይል ስንት ነው። አራቱ ሳይሞሉ ኦክስጅን የታዘዘበት ካርድ ካያችሁ፣ ቤተሰቦች፣ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። የሚቆጣ ቢኖር ይቆጣ!

ከሻይ በኋላ እዚሁ እንመለሳለን። ጠረጴዛዎቹ ላይ ስድስት ባጎች አሉ፤ ሦስት ሦስት ሆናችሁ፣ አንድ ባለሙያ ከሁለት ቤተሰብ ጋር፣ አንዱ እየተቀመጠ አንዱ እየጨመቀ ሁላችሁም ትለማመዳላችሁ። ቀይ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ሁለቱ ቫልቭ የገባባቸው ናቸው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቅሏቸው።